ከባንኮክ አዩታያ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ፦ የድሮዎቹን የቡድሃ ቤተ መቅደሶች ለማየት ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ባንኮክ ታማሚ ይዘው ወይ ለንግድ መጥተው አንድ ባዶ ቀን ያገኙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለ ድሮዋ የታይላንድ ዋና ከተማ "አዩታያ ደርሰን እንምጣ" ይላሉ፣ ማታ ሲመለሱ ግን የሚያወሩት ስለ ቤተ መቅደሶቹ ሳይሆን ስለ ፀሐዩ ነው። ሁለት ቦታ አይተን ደከመን፣ ባጃጁ የተስማማነውን እጥፍ ጠየቀን፣ በቁምጣ ሄደን ደጅ ቀረን፣ ባቡር አመለጠን። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ቀን እንደዚሁ ነው የሆንኩት። ከሆቴል የወጣነው 3 ሰዓት ላይ ነበር፣ አዩታያ ስንደርስ 6 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ እናቴ አብራኝ ነበረች እና የመጀመሪያውን ቤተ መቅደስ ግማሹን እንኳን ሳታይ ጥላ ስር ተቀምጣ ቀረች። እስካሁን ይቆጨኛል። ከዛ በኋላ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ ዘመድም ጓደኛም ወስጃለሁ፣ እና ያየሁት ነገር ቀኑ የሚበላሸው አዩታያ ላይ ሳይሆን ከዛ በፊት ባለው ማታና ጠዋት ላይ መሆኑን ነው።

ታሪኩን እዚህ አልጽፍም። እዚህ ያለው ምን ትይዛላችሁ፣ በየትኛው ቅደም ተከተል ትሄዳላችሁ፣ አንድ ነገር ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ የሚለው ብቻ ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር፦ እዚህ የምጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው፣ በቅንፍ ያለው ባቡር ጣቢያ ላይ የምታዩት ነው። ይሄን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታልፉት፣ ባቡር ያመለጣቸው ሰዎች ግማሾቹ በሰዓት መምታታት ነው ያመለጣቸው። ታይላንዶች ራሳቸው በንግግር ማታ 19:00ን ልክ እንደኛ "አንድ" ብለው ይቆጥሩታል፣ ስለዚህ በአፍ "አንድ ሰዓት" የተባላችሁትን አትመኑ፣ ሁልጊዜ በቁጥር አጽፉ ወይ ስልክ ላይ አሳዩዋቸው። ደግሞ ትኬት ላይ 2568 ወይ 2569 የሚል ዓመት ብታዩ አትደንግጡ፣ የነሱ ዘመን ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ምረጡ

ምርጫ ካላችሁ ከህዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ይጠጋል፣ ቤተ መቅደሶቹ ደግሞ አብዛኞቹ ጣሪያ የሌላቸው የጡብ ፍርስራሾች ናቸው፣ ዛፍም ብዙ የለም። ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ሰውነታችን የለመደው 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ነው፣ እዛ ግን ሜዳ ነው፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ላባችሁ አይደርቅም።

መስከረምና ጥቅምት ወንዞቹ የሚሞሉበት ጊዜ ነው። ከተማዋ በሦስት ወንዞች የተከበበች ደሴት ናት፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ቤተ መቅደሶቹ ጭምር ውሃ ውስጥ ነበሩ። በነዚህ ወራት ከሄዳችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን የሆቴል ሪሴፕሽን አስደውሉና አጣሩ።

ከኤፕሪል 13 እስከ 15 ያለውን የነሱን አዲስ ዓመት ተዉት። ባቡሩ ጢም ይላል፣ መንገድ ላይ ውሃ ይረጫጫሉ፣ ስልካችሁም ፓስፖርታችሁም ይረጥባል። ሙዚየም ማየት ለሚፈልግ ሰኞም አይሆንም፣ ዝግ ነው።

የሐኪም ቀጠሮ በማግስቱ ጠዋት ያለው ሰው ደግሞ ባይሄድ ይሻላል። ድካሙ ያድራል፣ ለደም ምርመራ ጾማችሁ ማደር ካለባችሁም ያን ያህል ላብ ካፈሰሳችሁበት ቀን ጋር አይገጥምም።

ደረጃ 2፦ ማታውኑ ተዘጋጁ

ጠዋት ላይ አዘጋጃለሁ ያለ ሰው ሁሌም አርፍዶ ነው የሚወጣው። ከመተኛታችሁ በፊት እነዚህን ጨርሱ።

*ልብስ።* ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፣ ለወንድም ለሴትም። ስስ ጥጥ ሱሪ ወይ ረጅም ቀሚስ፣ እጅጌ ያለው ቲሸርት። ታይት ብቻውን አይሆንም፣ ላዩ ላይ ረዘም ያለ ነገር ይጨመርበት። ሴቶች ነጠላ ካላችሁ ያዙ፣ እውነቴን ነው ከምንም ሻርፕ ይበልጣል፣ ስስ ነው፣ አየር ያስገባል፣ ፀሐይ ሲመታ ራስ ላይ ይሆናል፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሲገባ ትከሻ ይሸፍናል። እግር ላይ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የሚሄድ ሰው ጫማ ማውለቅ አዲስ አይሆንበትም ግን እዚህ በቀን አራት አምስት ጊዜ ነው የምታወልቁት፣ ክር ያለው ስኒከር ያሰለቻል። ካልሲ አትርሱ፣ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ የመታው ድንጋይ ባዶ እግርን ያቃጥላል።

*ገንዘብ።* ዝርዝር ያዙ። የ20፣ የ50 እና የ100 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ኖቶች። ባለ 1,000 ባት ይዞ ጀልባ ላይ የቆመ ሰው ራሱም ይቸገራል ሰውንም ያስቆማል። ሰቨን ኢለቨን የሚባለው ሱቅ ገብታችሁ ውሃ ስትገዙ ማታውኑ አዘርዝሩት። በሳይክል ለሚዞር 1,000 ባት ይበቃል፣ ባጃጅ ለሚይዝ በአንድ ባጃጅ እስከ 2,500 ያዙ። የመግቢያ ዋጋ ለውጭ ሰው ከነሱ ይለያል፣ በየጊዜውም ይጨመራል፣ ለእያንዳንዱ ትልቅ ቤተ መቅደስ 100 ባት ብላችሁ ያዙ፣ ቢተርፍ ይተርፋል። ከሦስት በላይ የምታዩ ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት በር ላይ የጋራ ትኬት ጠይቁ፣ ስድስት የሚሆኑ ቦታዎችን በአንድ ላይ የሚያስገባ አለ፣ ለየብቻ ከመክፈል ይረክሳል። ትኬቱን ላብ እንዳያበሰብሰው ፌስታል ውስጥ አድርጉት።

*ፓስፖርት።* ዋናውን ያዙ፣ የውጭ ሰው መታወቂያውን ይዞ እንዲንቀሳቀስ ይጠበቃል። ኮፒም ያዙ፣ ምክንያቱም ሳይክል አከራዮች መያዣ ሲጠይቁ የምትሰጡት ኮፒውን ወይ ጥቂት ብር ነው፣ ፓስፖርታችሁን በጭራሽ እንዳትሰጡ። ዋናውን ካልሆነ አላከራይም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ፣ ጎን ለጎን ብዙ አሉ።

*ስልክ።* ካርታውን ለኦፍላይን አውርዱ። የምትሄዱባቸውን ቤተ መቅደሶች ስም በታይ ፊደል ስክሪንሾት አድርጉ፣ የሆቴላችሁንም ጭምር። ፓወር ባንክ ያዙ። ሙቀቱ ስልክ ያግላል፣ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል፣ 9 ሰዓት ላይ ስልኩ የጠፋበት ሰው ካርታም የለው ተርጓሚም የለው።

*ውሃ።* ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ይዛችሁ ውጡ፣ እዛም ትጨምራላችሁ። ከሰቨን ኢለቨን የሚሟሟ የጨውና ስኳር ዱቄት፣ እኛ ኦአርኤስ የምንለውን ዓይነት፣ ሁለት ፓኬት ግዙ። ትልልቅ ሰዎች ይዛችሁ ከሆነ ጃንጥላ የግድ ነው።

ደረጃ 3፦ ባቡሩን ያዙ

በሚኒባስም በታክሲም ይኬዳል፣ እኔ ባቡር ነው የምመክረው፣ ርካሽ ነው፣ መንገድ አይዘጋበትም፣ እና 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል።

1. ጣቢያውን ለዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁለት ጣቢያ አለ። አሮጌው ሁዋ ላምፖንግ ይባላል፣ ተራዎቹ ባቡሮች አሁንም ከዛ ይነሳሉ። አዲሱ ክሩንግ ቴፕ አፊዋት ነው፣ ባንግ ሱ ሰፈር ያለው፣ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ረጅም መንገድ የሚሄዱት ወደዛ ተዛውረዋል። ሁለቱም ጋር ኤም አር ቲ በሚባለው የከተማ ባቡር ሰማያዊው መስመር ይደረሳል። ትኬታችሁ ወይ ያያችሁት ፕሮግራም የትኛውን እንደሚል አንብቡ፣ "ትልቁ ባቡር ጣቢያ" ብላችሁ ታክሲ ላይ ከወጣችሁ ሹፌሩ ወደፈለገው ይወስዳችኋል።

2. ከሆቴል 11 ሰዓት ተኩል (05:30) ውጡ። ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል (06:00–07:30) ባለው ጊዜ የሚነሳ ባቡር ያዙ። ፕሮግራሙ ስለሚቀያየር በዋዜማው ቼክ አድርጉ።

3. ሦስተኛ ክላስ ተራ ባቡር ቁረጡ። ከ15 እስከ 20 ባት አካባቢ ነው። መስኮቱ ይከፈታል፣ ፋን አለው፣ ኤሲ የለውም፣ ጠዋት ላይ ደስ ይላል። የመቀመጫ ቁጥር የለውም ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ግቡ። ኤሲ ያለው ፈጣን ባቡር ብዙ እጥፍ ያስከፍላል፣ የሚያተርፍላችሁ ግን ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው። አቅመ ደካማ ይዛችሁ ካልሆነ አያስፈልግም።

4. የት እንደምትወርዱ ተከታተሉ። በንግግር ያስታውቃሉ ግን በነሱ ቋንቋ ነው። ካርታ ክፈቱና ነጥቧን ተከተሉ። ባንግ ፓ ኢን የሚል ጣቢያ ሲያልፍ ዕቃችሁን ሰብስቡ፣ ከዛ በኋላ ብዙ አይቆይም።

*ባቡሩ ካመለጣችሁ፦* ሌላ ባቡር ሁለት ሰዓት አትጠብቁ። ሞ ቺት ከሚባለው የሚኒባስ መናኸሪያ ወደ አዩታያ የሚሄዱ ቫኖች አሉ፣ ሲሞላ ይነሳሉ። ከ4 ሰዓት (10:00) በፊት መድረስ ካልቻላችሁ ግን ፕሮግራሙን ገልብጡት፣ ቀትሩን ምሳና ሙዚየም ላይ አሳልፋችሁ ቤተ መቅደሶቹን ከ9 ሰዓት (15:00) በኋላ እዩ።

*ጣቢያው ካለፋችሁ፦* ቀጣዩ ላይ ውረዱ፣ የጣቢያ ሰራተኛውን ትኬቱን አሳዩትና "አዩታያ" በሉት፣ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ያሳያችኋል። ሃዲድ እየተሻገራችሁ ሌላ ባቡር ለመያዝ አትሩጡ።

ደረጃ 4፦ በሳይክል ነው ወይስ በባጃጅ?

ከጣቢያ እንደወጣችሁ የባጃጅ ሹፌሮች ይከቧችኋል። አትቆጡ፣ ፈገግ ብላችሁ እለፉ፣ መጀመሪያ ራሳችሁ ወስኑ።

ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጤናማ ከሆናችሁና ወሩ ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ሳይክል ያዙ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ቀጥ ብላችሁ ስትሄዱ ወንዝ ጋ ትደርሳላችሁ፣ ትንሽ ጀልባ በጥቂት ባት ያሻግራችኋል፣ አከራዮቹ ከጣቢያው አጠገብም ከወንዙ ማዶም አሉ። የቀን ኪራይ 50 ባት አካባቢ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ፍሬኑን ያዙት፣ ጎማውን ጫኑት፣ ካቴናውን አዙሩት፣ ቁልፍ ተቀበሉ፣ ስንት ሰዓት እንደሚዘጉ ጠይቃችሁ በስልካችሁ ጻፉት። ታይላንድ መኪና በግራ ነው የሚነዳው። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ለዓመታት በቀኝ የለመደ ሰው ሲደክመው ሳያውቀው ወደ ልማዱ ይመለሳል፣ አደጋ የሚደርሰውም ከሰዓት በኋላ ሲደክማችሁ ነው። ሞተር ሳይክል ተከራይታችሁ መንጃ ፈቃድ ከሌላችሁ ደግሞ የጉዞ ኢንሹራንሳችሁ አይከፍልም፣ ተዉት።

እናት አባት ወይ ታማሚ ይዛችሁ ከሆነ ግን አትከራከሩ፣ ባጃጅ ያዙ። የአዩታያ ባጃጅ ከባንኮኩ ይለያል፣ ፊቱ እንቁራሪት ይመስላል፣ ከኋላ ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥ አግዳሚ አለው። በሰዓት ከ200 እስከ 300 ባት ይጠይቃሉ። ድርድሩ እንዲህ ነው፦

1. የምትሄዱባቸውን ቦታዎች በተራ ስልክ ላይ አሳዩ፣ አንድ በአንድ።
2. ስንት ሰዓት እንደሚወስድ እናንተ ተናገሩ፣ "ከ3 ሰዓት እስከ 7" ሳይሆን "አራት ሰዓት" በሉ፣ 4 ጣት አሳዩ።
3. ጠቅላላ ዋጋውን ካልኩሌተር ላይ ጻፉ። ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁላችን ብላችሁ አረጋግጡ፣ ፀብ የሚነሳው እዚች ጋ ነው።
4. የመጨረሻው መውረጃ ባቡር ጣቢያው መሆኑን ጨምሩ።
5. ካልኩሌተሩን ስክሪንሾት አድርጉ፣ የባጃጁን ታርጋ ፎቶ አንሱ።
6. ገንዘቡን መጨረሻ ላይ ክፈሉ። ግማሽ አሁን ካለ ትንሽ ለነዳጅ ስጡት እንጂ ሙሉውን አትስጡ።

"ያ ቤተ መቅደስ ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ የተሻለ አሳያችኋለሁ" ካላችሁ ደህና ዋሉ ብላችሁ ሌላውን ጠይቁ። እኔን አንዱ ሹፌር እንዲህ ብሎኝ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አስገብቶኛል፣ አርባ ደቂቃ ሄደብኝ፣ ዝግ ነው ያለኝ ቦታ ደግሞ ሙሉ ቀን ክፍት ነበር። ትልልቆቹ ፍርስራሾች በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት (08:00) ጀምሮ እስከ አመሻሽ ክፍት ናቸው።

*መጨረሻ ላይ ዋጋ ከጨመረባችሁ፦* ድምፅ ከፍ አታድርጉ፣ እዛ አገር የጮኸ ሰው ተሸናፊ ነው። ስክሪንሾቱን አሳዩ፣ የተስማማችሁትን ብር አውጥታችሁ ስጡ። ከገፋበት 1155 ደውሉ፣ የቱሪስት ፖሊስ ነው፣ በእንግሊዝኛ ያነጋግራችኋል። ስልኩን ስታወጡ ብቻ ብዙ ጊዜ ነገሩ ያበቃል።

ደረጃ 5፦ ቅደም ተከተሉ

በአንድ ቀን አምስት ቤተ መቅደስ ይበቃል። አስር አያለሁ ያለ ሰው አንዱንም አያይም፣ ሦስተኛው ላይ ሁሉም ጡብ አንድ ዓይነት ይሆንበታል። "ዋት" ማለት ቤተ መቅደስ ማለት ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ስም በዋት ይጀምራል፣ የሚለየው ቀጥሎ ያለው ነው።

ሀ. ዋት ማሃታት፣ በመጀመሪያ። በዛፍ ሥር የታቀፈው የቡድሃ ራስ ያለው እዚህ ነው። ከ4 ሰዓት (10:00) ጀምሮ የአስጎብኚ አውቶቡሶች ይደርሳሉ፣ ከዛ በኋላ ሰልፍ ነው። እንደገባችሁ ቀጥታ ወደ ዛፉ ሂዱ፣ ሌላውን በኋላ ታዩታላችሁ። ፎቶ ስትነሱ ቁጢጥ በሉ ወይ ተንበርከኩ፣ ራሳችሁ ከቡድሃው ራስ በላይ መሆን የለበትም፣ ዘበኛ ቆሞ ያያል። አትጠጉት፣ አትንኩት። አካባቢው ላይ ራስ የሌላቸው ሐውልቶች በብዛት አሉ፣ ከኋላቸው ቆሞ የራስን ፊት እዛ ላይ አድርጎ ፎቶ መነሳት በጣም ያስቆጣቸዋል። የኛ ሰው በላሊበላ ወይ በአክሱም ላይ አንዱ ፈረንጅ ታቦት ፊት ሲያላግጥ ቢያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት፣ ለነሱም ያው ነው።

ለ. ዋት ራቻቡራና፣ መንገዱን ተሻግሮ። በእግር ሦስት ደቂቃ። መሃል ላይ የበቆሎ ራስ የሚመስለው ረጅም ግንብ ውስጥ መውጣት ይቻላል፣ ከዛ ደግሞ ወደ ታች ወደ ድሮው የምስጢር ክፍል የሚያወርድ ጠባብ ደረጃ አለ፣ ግድግዳው ላይ የደበዘዘ ስዕል ታያላችሁ። ደረጃው ቀጥ ያለና ሞቃት ነው፣ ጉልበት የሚያማቸው፣ የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃቸው ሰዎች አይውረዱ። ስትወርዱ ፊታችሁን ወደ ደረጃው አዙሩ፣ እንደ መሰላል።

ሐ. ዋት ፕራ ሲ ሳንፔትና ጎኑ ያለው ቪሃን (የጸሎት አዳራሽ)። ሦስት ደወል የመሰሉ ግንቦች ተደርድረው የቆሙበት ነው፣ የቤተ መንግሥቱ ቤተ መቅደስ ነበር። ጥላ የለውም፣ ስለዚህ ከ5 ሰዓት (11:00) በፊት ጨርሱት። ግንቦቹ ላይ አትውጡ። አጠገቡ ጣሪያ ያለው ትልቅ አዳራሽ አለ፣ ቪሃን ፕራ ሞንግኮን ቦፒት ይባላል፣ ውስጡ ትልቅ የነሐስ ቡድሃ ተቀምጧል፣ መግቢያ በነፃ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ከፍርስራሽ ወደ የሚጸለይበት ቤት ነው የገባችሁት፣ ደንቡ ይጠብቃል፣ ደረጃ 6ን ከመግባታችሁ በፊት አንብቡት።

መ. ከ6 እስከ 9 ሰዓት (12:00–15:00) ከፀሐይ ውጡ። ምሳ ብሉ፣ ከዛ ቻው ሳም ፕራያ ሙዚየም ግቡ። በ1957 እ.ኤ.አ. ከራቻቡራና የምስጢር ክፍል ሌቦች ዘርፈው ከተያዙ በኋላ የተረፈው ወርቅ እዛ ነው ያለው፣ ጠዋት የወረዳችሁበትን ባዶ ጉድጓድ ካያችሁ በኋላ ወርቁን ስታዩት ነገሩ ይገጣጠምላችኋል። በሳይክል ላይ ያላችሁ ይሄን ሰዓት በጭራሽ አትንዱ።

ሠ. ዋት ሎካያሱታራም። ሜዳ ላይ ጋደም ያለ ትልቅ ቡድሃ። ክፍት ቦታ ነው፣ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። አበባና ዕጣን የሚሸጡ ሴቶች እጃችሁ ላይ ሊያስይዟችሁ ይችላሉ፣ ካልፈለጋችሁ ከመቀበላችሁ በፊት በፈገግታ እምቢ በሉ፣ ከተቀበላችሁ ትከፍላላችሁ።

ረ. ዋት ቻይዋታናራም፣ ለማምሻ። ከደሴቷ ውጪ፣ ከወንዙ ምዕራብ። ከ10 ሰዓት (16:00) በኋላ ብርሃኑ ጡቡን ያቀላዋል፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። በሳይክል ድልድይ መሻገር አለ፣ መኪና ይበዛበታል፣ ሳይክሉን መልሳችሁ በባጃጅ ብትሄዱ ይሻላል።

ሙሉ ቀን ባጃጅ የያዙ ሰዎች ከዚህ አንዱን ቀንሰው ጠዋት መጀመሪያ ዋት ያይ ቻይ ሞንግኮንን ማስገባት ይችላሉ፣ ከጣቢያው ወገን ስለሆነ ወንዝ አያሻግርም። ደረጃው ግን ረጅም ነው።

ደረጃ 6፦ የሚጸለይበት ቤት ውስጥ ስትገቡ

1. ጫማ፣ ኮፍያ፣ መነፅር (የፀሐይ) አውልቁ። ጫማውን መደርደሪያ ላይ፣ ውድ ከሆነ ፌስታል ውስጥ ይዛችሁ ግቡ።
2. ደፉን ተሻገሩት እንጂ አትርገጡት።
3. ስልክ ሳይለንት። ፎቶ ክልክል የሚል ምልክት መኖር አለመኖሩን በሩ ላይ እዩ።
4. ከተቀመጣችሁ እግራችሁን ወደ ጎን ወይ ወደ ኋላ አጥፉ። የእግር መዳፍ ወደ ቡድሃው ወይ ወደ መነኩሴ መዘርጋት ትልቅ ነውር ነው። ደክሟችሁ እግር መዘርጋት ካማራችሁ ውጪ ወጥታችሁ ዘርጉ።
5. ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ሰልፊ አትነሱ።
6. ሴቶች መነኩሴ አትንኩ፣ ዕቃም በእጅ አታቀብሉ፣ ከፊቱ አስቀምጡለት። ጠባብ መንገድ ላይ ከተገናኛችሁ ገለል በሉ። እሱ እናንተን ንቆ አይደለም፣ ሥርዓቱ ነው።
7. የሰውም ሆነ የሐውልት ራስ አትንኩ። ሕፃን ልጅ ቢያምርም ራሱን አትዳብሱ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ "ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ፣ ጴንጤ ነኝ፣ መግባት ችግር አለው ወይ" የሚለውን ነው። የሃይማኖቱን መልስ ከአባቶቻችሁ ጠይቁ። እኔ የምነግራችሁ ማንም እንድትሰግዱ፣ ዕጣን እንድታጨሱ፣ ገንዘብ እንድትጥሉ አያስገድዳችሁም። መንበርከክ ካልፈለጋችሁ ከኋላ ግድግዳ ጥግ ቁሙ፣ የሚጸልይ ሰው ፊት አትቁሙ፣ አይታችሁ ውጡ። አንገታችሁ ላይ ያለውን መስቀል ማንም አይነካባችሁም፣ ሂጃብም ማንም አያስወልቅም። ሁለት እጅ ገጥመው ጎንበስ የሚሉላችሁ ሰላምታ ነው፣ ጸሎት አይደለም፣ እኛ ጎንበስ ብለን እጅ እንደምንነሳው ማለት ነው፣ መመለሱ ጨዋነት ነው።

*በልብስ ምክንያት ከተመለሳችሁ፦* አትከራከሩ፣ ነጠላውን ወገብ ላይ እንደ ሽርጥ አሸርጡት። አንዳንድ በሮች ላይ የሚያከራዩት ጨርቅም አለ።

ደረጃ 7፦ ምሳ

እዚህ ላይ የኛ ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አዩታያ በጀልባ ኑድል ትታወቃለች፣ ጥቁር መረቅ ያለው ትንሽ ሳህን ነው፣ መረቁ የሚጠቁረው ብዙ ጊዜ ደም ስለሚገባበት ነው፣ ሥጋውም የአሳማ ሊሆን ይችላል። ጣፋጭ ነው ተብላችሁ ሳታውቁ እንዳትበሉ። "ማይ ሳይ ሙ" ማለት አሳማ አታድርጉበት ማለት ነው፣ "ማይ ሳይ ሉዋት" ደግሞ ደም አታድርጉበት። ስልክ ላይ በታይ ፊደል ተርጉማችሁ ብታሳዩ ይበልጥ ይሻላል፣ ድምፁ ትንሽ ሲቀየር ትርጉሙ ይቀየራል።

ረቡዕና ዓርብ ወይ ጾም ላይ ከሆናችሁ "ጄ" የምትለዋን ቃል ያዙ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ መረቅ እንኳን የሌለበት ምግብ ማለት ነው፣ ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ያላቸው ሱቆች ናቸው። ዝም ብላችሁ "አትክልት" ካላችሁ ግን የዓሣ መረቅ ይገባበታል። ሙስሊሞች ሐላል አያጡም፣ ከተማዋ ውስጥ የቆየ የሙስሊም ማኅበረሰብ አለ፣ ሮቲ ሳይ ማይ የሚባለውን ጣፋጭም፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስኳር በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ፣ የሚሸጡት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ለልጆች ይዛችሁ ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ ሰውነት ወይ አየሩ ሲከዳችሁ

*ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፦* ወዲያው ጥላ፣ ጫማና ሻርፕ ይውለቅ፣ አንገትና ብብት ላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ኦአርኤሱን ቀስ እያሉ ይጠጣ። ግማሽ ሰዓት ካልተሻለው ቀኑ እዛ ላይ ያብቃ፣ ኤሲ ያለበት ቦታ ውሰዱት። ሰውየው መዘባረቅ ከጀመረ ወይ ከወደቀ 1669 አምቡላንስ ጥሩ፣ እስኪመጣ ውሃ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ ራሱን ካላወቀ በአፉ ምንም አትስጡ።

*ውሻ፦* ፍርስራሾቹ ዙሪያ ባለቤት የሌላቸው ውሾች አሉ። አትሩጡ፣ አትመግቡ። ከነከሰ ወይ ከቧጨረ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡትና በዕለቱ ሆስፒታል ሂዱ። ትንሽ ጭረት ናት ብላችሁ አዲስ አበባ ስመለስ እንዳትሉ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም።

*ዝናብ፦* አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ዘንቦ ያቆማል። እርጥብ ጡብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ደረጃ አትውጡ።

ደረጃ 9፦ መመለስ

1. ጠዋት እንደደረሳችሁ የመመለሻ ባቡሮችን ዝርዝር ፎቶ አንሱ። ከ11 እስከ 1 ሰዓት (17:00–19:00) ካሉት ውስጥ የመጨረሻውን ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ያለውን አስቡ፣ ከሰሜን የሚመጡት ባቡሮች መዘግየት ልማዳቸው ነው።
2. ሳይክል መዝጊያ ሰዓቱ ሳይደርስ መልሱ፣ ኮፒውን ተቀበሉና ቀድዳችሁ ጣሉ።
3. ልክ 12 ሰዓት (18:00) ላይ ጣቢያ ውስጥ ከሆናችሁ ብሔራዊ መዝሙር ይሰማል፣ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል። እናንተም ቁሙ፣ አትራመዱ፣ አታውሩ። ጠዋት 2 ሰዓትም (08:00) እንዲሁ ነው።
4. ስትሳፈሩ ባቡሩ የት እንደሚያቆም ጠይቁ፣ ሁዋ ላምፖንግ ነው ወይስ ክሩንግ ቴፕ አፊዋት። ጠዋት ከተነሳችሁበት ጋር አንድ ላይሆን ይችላል።

*ባቡሩ በጣም ከዘገየ፦* ጨለማ ሆኖ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ ወደ ባንኮክ የሚሄድ ቫን ፈልጉ፣ ወይ ብዙ ከሆናችሁ በግራብ ወይ በቦልት መኪና ጠርታችሁ ተካፈሉ፣ ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት አፑ ላይ ታያላችሁ።

ከፍርስራሹ አንድ ቁራጭ ጡብ እንኳን ለመታሰቢያ ብላችሁ ኪሳችሁ እንዳታስገቡ። የቡድሃ ሐውልት ገዝታችሁም አንገት ላይ ከምትንጠለጠለው ትንሽ ክታብ በቀር ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ኤርፖርት ላይ ይያዛል፣ ወደ ቦሌ የሚሄደው በረራ ደግሞ እናንተ እስክትገላገሉ አይጠብቅም።